የመዝገብ ቁጥርዎን ይዘው ይሂዱ፦ ከጅማ ፖሊስ ማስረጃ ለማውጣት ደረጃ በደረጃ

እህቴ በጅማ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። አንድ ሌሊት ቁልፉ ተሰብሮ ሚዛኗ፣ ሁለት ኩንታል ቡናና የዕለቱ ሽያጭ ተወሰደ። በማግስቱ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች፣ ፈረመች፣ ተመለሰች። ሁለት ወር ቆይቶ ብድር የሰጣት ተቋም «ከፖሊስ ማስረጃ አምጪና የመክፈያ ጊዜሽን እናራዝምልሻለን» አላት። ጣቢያው ደግሞ «የመዝገብ ቁጥርሽ ስንት ነው?» ሲል ጠየቃት። ቁጥሩን የነገራት አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም። ስድስት ጊዜ ተመላልሳ «በስምሽ የተመዘገበ የለም» ተባለች። በመጨረሻ አንድ ታጋሽ መርማሪ መዝገቡን በቀን ቆጥሮ ሲያገላብጥ አገኘው። ተመዝግቦ ነበር። የአባታችን ስም ግን በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ መታወቂያዋ ላይ ካለው አጻጻፍ ተለይቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የባጃጅ ሹፌር፣ ከገጠር ጀንፈል ይዞ የሚመጣ ነጋዴ፣ ማንም ፖሊስ ጋ ጉዳይ ቢኖረው የምለው አንድ ነው፦ ፖሊስ ጋ ያለ ወረቀት በታሪክዎ አይገኝም፤ በቁጥርና በቀን ነው የሚገኘው። የቀረው አካሄድ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ደረጃ 1፦ የሚፈልጉት ወረቀት የትኛው እንደሆነ ይለዩ

«የፖሊስ ማስረጃ አምጣ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የትኛውን እንደሚል አይነግርዎትም። ስለዚህ ከጣቢያው በፊት ማስረጃውን ወደ ጠየቀዎት መሥሪያ ቤት ይመለሱና ምን ምን መግለጽ እንዳለበት፣ ለማን ተብሎ መጻፍ እንዳለበት ይጠይቁ። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ቀን ያድናል።

በጅማ ሰው በብዛት የሚጠይቀው የጠፋ ንብረት ወይም ሰነድ ማስረጃ ነው። ፓስፖርት፣ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የመኪና ሰሌዳ ወይም የትምህርት ማስረጃ ሲጠፋ ምትክ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት መጥፋቱን ለፖሊስ ማመልከትዎን የሚያሳይ ደብዳቤ ይፈልጋል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባመለከቱበት ቀን ያልቃል።

ሁለተኛው የትራፊክ አደጋ ሪፖርት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነውና። ትራፊክ ፖሊስ አደጋው ቦታ ደርሶ ፕላን ያነሳል፦ ተሽከርካሪዎቹ የቆሙበትን፣ የፍሬን ምልክቱን፣ የመንገዱን ስፋት በንድፍ ያሰፍራል። ለኢንሹራንስ የሚሄደው ሪፖርት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሪፖርቱ ላይ የሁለቱም ተሽከርካሪዎች ሰሌዳ ቁጥር፣ የሹፌሮቹ መንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የሦስተኛ ወገን መድን የምስክር ወረቀት ቁጥርና የመድን ድርጅቱ ስም መኖሩን ያረጋግጡ። አንዱ ከጎደለ ኢንሹራንሱ ይመልስዎታል። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነ ደግሞ ሪፖርቱ «ተሽከርካሪው አልታወቀም» ብሎ በግልጽ እንዲጽፍ ይጠይቁ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ባልታወቀ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለሞቱና ለተጎዱ ሰዎች ካሳ የሚከፈልበት ፈንድ አቋቁሟል። ወደዚያ ፈንድ የሚወስደው በር ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ እሷ ሳትጻፍ ቀርታ ቤተሰብ ባዶ እጁን ሲቀር ማየት ያሳዝናል።

ሦስተኛው በወንጀል ጉዳይ የተከፈተ የምርመራ መዝገብ ነው፦ ስርቆት፣ ድብደባ፣ ማጭበርበር። እዚህ ላይ የእርስዎ የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ያስፈልጋል። ማመልከትዎን፣ ቀኑን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ጠፋ ብለው ያስመዘገቡትን ዝርዝርና ጉዳዩ የደረሰበትን ደረጃ የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ ይችላሉ። የምስክሮች ቃል፣ የተጠርጣሪው ቃል፣ መርማሪው የያዘው ማስታወሻ ግን ምርመራው ሳያልቅ በእጅዎ አይገባም። ይህ የመርማሪው ክፋት አይደለም፤ ምስክር የሚጠበቀው በዚህ ነው። ተከሰው ፍርድ ቤት የቀረቡ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት መብት ሰጥቶታል፤ ጥያቄውም ለፖሊስ ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ይቀርባል።

አራተኛው ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳየው ማስረጃ ነው፤ ሰው በአጭሩ «አሻራ» የሚለው። ለውጭ አገር ሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለቪዛ የሚጠየቀው ይህ ነው። ይህን የከተማው ጣቢያ አይሰጥም። የሚሰጠው የፌዴራል ፖሊስ ነው፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ደረጃ 2፦ መዝገቡ ያለበትን ጣቢያ ይወቁ

መዝገብ የሚቀመጠው ነገሩ በተፈጸመበት እንጂ እርስዎ በሚኖሩበት አይደለም። ጅማ ከተማ ውስጥ የሆነው በከተማው ፖሊስ መምሪያ ሥር ባሉት ጣቢያዎች ነው፤ ሄርማታ የሆነውን ሄርማታን የሚሸፍነው ጣቢያ ይዞታል። ሰርቦ ላይ የተገጨ ሰው የሚሄደው ቀርሳ ወረዳ ፖሊስ ነው። የቡ ላይ ከሆነ መና፣ ሰቃ ላይ ከሆነ ሰቃ ጨቆርሳ፣ ሊሙ ገነት ላይ ከሆነ ሊሙ ኮሳ ነው። አጋሮ ከተማ የራሷ አስተዳደር አላት፤ ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ግን ጎማ ወረዳ ነው፤ ስለዚህ አደጋው ከከተማው ክልል ውጭ ይሁን ውስጥ ቀድመው ይጠይቁ።

ከሁሉ የሚያሳስተው መንገድ ላይ የሚደርስ ነው። ወደ ቦንጋ ሲሄዱ የጎጀብን ወንዝ ከተሻገሩ ከኦሮሚያ ወጥተዋል፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ወልቂጤ ላይ ከሆነ ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ጅማ ላይ ሆነው ወልቂጤ ያለን መዝገብ ቢጠይቁ «እዚህ የለም» ይባላሉ፤ መልሱም ትክክል ነው።

«መዝገቡ እዚህ የለም» የሚለው ሌላ ትርጉምም አለው። ፖሊስ ምርመራውን ሲጨርስ መዝገቡን ወደ ዐቃቤ ሕግ ይልካል፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አንድ ጉዳይ በዚህ መንገድ ሦስት ቁጥር ይኖረዋል፦ የፖሊስ፣ የዐቃቤ ሕግ፣ የፍርድ ቤት። ስለዚህ «የለም» ሲባሉ ተነሥተው አይሂዱ። «ወዴት ተላከ? በስንት ቁጥር? በየትኛው ቀን?» ብለው ይጠይቁና መልሱን እዚያው ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ ቁጥሩን በመጀመሪያው ቀን ይያዙ

ገና ሊያመለክቱ የሚሄዱ ከሆነ ይህን ክፍል ሁለቴ ያንብቡ። ቃልዎን ሲሰጡ የሚጽፈው ሰው ጽፎ ሲጨርስ እንዲያነብልዎ ይጠይቁ። አፋን ኦሮሞ የማያነቡ ከሆነ የሚያነብልዎ ሰው ይዘው ይሂዱ። ከፈረሙ በኋላ እነዚህን ይጻፉ፦ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጣቢያውን ስም፣ የተቀበለዎትን ፖሊስ ማዕረግና ስም። ስልክዎ ላይ ብቻ አይጻፉት፤ ስልክም ይሰረቃል።

የስምዎን አጻጻፍ ከሁሉ በላይ ይመልከቱ። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ ነው። በፓስፖርትዎ ላይ «Jemal» ተብሎ በላቲን የተጻፈው ስም በቁቤ ሕግ «Jamaal» ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። የድምፅ መርዘምና መጥበቅ ፊደል ስለሚጨምር ነው። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኢንሹራንስ ሠራተኛና ለኢሚግሬሽን ግን ሁለት ሰው ነው። መታወቂያዎን ወይም የፋይዳ ወረቀትዎን አውጥተው «ስሜን ከዚህ ላይ ቅዱልኝ» ይበሉ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ተርጓሚ በፈረንጅ ሰዓት ሲመልሰው ከሌሊቱ 2 ይሆናል። ቀኑም ከዓመተ ምሕረት ወደ ፈረንጅ ሲመለስ ይዛባል። ወረቀቱ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ ሁለቱንም እራስዎ አስልተው ይያዙና ከትርጉሙ ጋር ያመሳክሩ።

የተጎዳ ሰው ካለ አንድ ነገር ይጨመራል። ጣቢያው ወደ ሐኪም የሚወስድ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ሌላ ጤና ተቋም መርምሮ ውጤቱን ይሰጣል፤ ውጤቱም ወደ ፖሊስ መዝገብ ይገባል። ከመግባቱ በፊት ኮፒ ያድርጉ።

ቁጥሩን ሳይይዙ የወጡ ከሆነስ? እህቴ እንዳደረገችው ነው፤ በስም ሳይሆን በቀን ያስፈልጉ። «በዚህ ቀን፣ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ባለው ጊዜ የተመዘገበውን ይመልከቱልኝ፤ ስሜ በዚህም በዚያም መልክ ሊጻፍ ይችላል» ይበሉና ሁለቱንም አጻጻፍ በወረቀት ይስጡ።

ደረጃ 4፦ ማመልከቻውን ይጻፉ

ለጠፋ መታወቂያ ብዙ ጊዜ ቃል ይበቃል። ለሌላው ሁሉ ጽሑፍ ይሻላል፤ በጽሑፍ ያልተጠየቀ ነገር አልተጠየቀም። ጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ሥራው ይፈጥናል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ ግን የሚሉትን አስበው ይሂዱ፤ አለዚያ የሌላ ሰው ማመልከቻ ላይ ስምዎ ተቀይሮ ይመጣል። በአማርኛ ሲታሰብ ይህን ይመስላል፦

ቀን ………
ለ……… ፖሊስ ጣቢያ
ጅማ
ጉዳዩ፦ የመዝገብ ማስረጃ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የሄርማታ መርካቶ ነዋሪ ስሆን፣ በ……… ቀን ……… ዓ.ም. ሌሊት ሱቄ ተሰብሮ ንብረት መሰረቁን በማግስቱ ለጣቢያው አመልክቼ በመዝገብ ቁጥር ……… ተመዝግቧል። ለ……… ለማቅረብ ስለተጠየቅሁ፦ ያመለከትሁበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥሩን፣ ያስመዘገብሁትን የንብረት ዝርዝር፣ እንዲሁም ምርመራው አሁን የደረሰበትን ደረጃ የሚገልጽ፣ በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ እንዲሰጠኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ልብ ይበሉ፤ «መዝገቡ በሙሉ ይሰጠኝ» አይልም። እንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱ «አይቻልም» ነው፤ በሦስት ነጥብ የተወሰነ ጥያቄ ግን ሠራተኛው ተቀምጦ ሊመልሰው የሚችለው ነው።

በመስኮቱ የሚሰሙት ቃላት እንዳያደናግሩዎ፦ ኢያታ ማመልከቻ ነው፤ ገልሜ መዝገብ፣ ላኮፍሳ ቁጥር፣ ራጋ ማስረጃ፣ ጠለያ ደብዳቤ፣ ዋጂራ ጽሕፈት ቤት። «ላኮፍሳ ገልሜ» ሲሉዎት የመዝገብ ቁጥርዎን ነው የሚጠይቁት።

ደረጃ 5፦ ያስገቡና መግባቱን ያረጋግጡ

ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱ። አንዱን ይሰጣሉ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትተው ወይም አስጽፈው ይዘው ይመለሳሉ። መታወቂያዎንና ካለዎት ጠያቂው መሥሪያ ቤት የጻፈውን ደብዳቤ ኮፒ ያያይዙ። ለሌላ ሰው የሚጠይቁ ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል፤ ለሟች ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ።

ስለ ቀኑ፦ ሐሙስ የሄርማታ ገበያ ነው። ከጅማው ንጉሥ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ የተሰበሰበው ገበያ ዛሬም ከተማውን ይሞላዋል፤ ጣቢያዎቹም በኪስ አውላቂና በሚዛን ጠብ ይጠመዳሉ። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሰላት የምሳ ዕረፍቱ ይረዝማል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሻላል።

የአገልግሎት ክፍያ ከተጠየቁ ይክፈሉና ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ከተጠየቁ ግን አይክፈሉ፤ ኃላፊውን ያነጋግሩ።

ደረጃ 6፦ ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡ

ደብዳቤው ሲሰጥዎ የወጪ ቁጥርና ቀን፣ ክብ ማኅተም፣ የፈራሚው ስምና ማዕረግ ያለበት ቲተር፣ የተጻፈለት መሥሪያ ቤት ስም መኖሩን ይዩ። የእርስዎ ስም፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የገንዘብ መጠን ትክክል መሆኑን ይዩ። ስህተት ካለ እዚያው ይመልሱት፤ በእስክሪብቶ አስርዞ መሄድ አይጠቅምም፤ ሥርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት የትም ተቀባይነት የለውም።

ወረቀቱ ለአዲስ አበባ ወይም ለውጭ አገር ከሆነ ፈቃድ ባለው የትርጉም ቤት ይተርጎም። ዋናውን ለማንም አይልቀቁ።

ደረጃ 7፦ ቢከለከሉ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ዜጋ ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብቱን በዝርዝር አስቀምጧል። የመረጃ ነፃነቱ ክፍል የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ከተተካ በኋላም ጸንቶ ቀርቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል፤ መጻፍ ለማይችል ሰው የቃል ጥያቄውን በጽሑፍ ማስፈር የኃላፊው ግዴታ ነው፤ መልስም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ከተከለከለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገራል። አዋጁ የተዋቸውም አሉ፦ በሂደት ላይ ያለን ምርመራ የሚያደናቅፍ፣ የሰውን ደኅንነት ለአደጋ የሚያጋልጥ፣ የሌላ ሰውን የግል ጉዳይ የሚገልጽ መረጃ አይሰጥም። የጎረቤትዎን መዝገብ ለማወቅ ከሆነ በዚህ መንገድ አይሄዱም፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ይህን አጥብቆታል።

እንግዲህ «አይሰጥም» ሲባሉ ቁጣ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ «ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ።» ይህን በትህትና ሲሉ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ይገኛል። ካልሆነ ከጣቢያ ወደ ከተማው ፖሊስ መምሪያ፣ በወረዳ ከሆነ ወደ ዞኑ ፖሊስ፣ ከዚያ ወደ ኦሮሚያ ፖሊስ ኮሚሽን አቤት ይበሉ። በመረጃ ጥያቄ ላይ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም ማመልከት ይቻላል፤ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት። በእያንዳንዱ እርከን የገቢ ቁጥር የተመታበትን ኮፒ ያያይዙ፤ ያለ እሱ «አልጠየቀንም» የሚል መልስ ይመጣል።

በፍትሐ ብሔር ክርክር ላይ ካሉ ግን አጭሩ መንገድ ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 145 ፍርድ ቤት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ እንዲያስቀርብ ይፈቅድለታል። የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩን ጠቅሰው «ይቅረብልኝ» ብለው ለችሎቱ ያመልክቱ፤ ትእዛዙ ወደ ጣቢያው ይጻፋል። እዚህም ያለ ቁጥር አይሆንም።

የታሰረ ዘመድዎን ፍለጋ ከሆነ የመጡት በወረቀት አይዘግዩ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ አይቆጠርም። የተያዘበትን ሰዓት ይጻፉ፣ ጣቢያውን ይጠይቁ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ያለውን ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።

ስለ «አሻራ»ው

ከወንጀል ነፃ ማስረጃ የሚሰጠው በጣት አሻራ ተመርምሮ ነው፤ አሻራው በፌዴራል ፖሊስ ካለው የወንጀል መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ብዙ የጅማ ሰው ለዚህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከመሳፈርዎ በፊት ቀረብ ያለ የአገልግሎት መስጫ ካለ ከፌዴራል ፖሊስ ጠይቀው ይወቁ። ፓስፖርት ወይም የታደሰ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍና ማስረጃው ለምን እንደተፈለገ የሚያሳይ ደብዳቤ ይያዙ። እጅዎ በእርሻ ወይም በሲሚንቶ ሥራ የሻከረ ከሆነ አሻራው ሳይነበብ ቀርቶ ሊመለስ ይችላል፤ ከጥቂት ቀን በፊት ጀምረው እጅዎን ቅባት እየቀቡ ያለስልሱ። የቡና ለቀማ ወቅት ላይ የሚሄዱ ልጆችን ይህ ደጋግሞ መልሷቸዋል።

ውጭ አገር ያለ ልጅዎ ከሆነ የሚፈልገው፣ ባለበት አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ጠይቆ አሻራውን እዚያው ይሰጣል፤ ውክልናም ይልክልዎታል። ውክልናው ላይ «ከፖሊስ ማስረጃ እንዲያወጣልኝ» የሚል ቃል በግልጽ መኖር አለበት፤ ስለ ቤትና ስለ ባንክ ብቻ የተጻፈ ውክልና መስኮቱ ላይ ይመለሳል። ውክልናው ተልኮ ከመድረሱ በፊት በስልክ ፎቶውን ያስልኩና ያቺን መስመር ፈልገው ያንብቡ።